ራሱ ሲታይ ጭራውም አይረሳ

ከጣራ ገዳም ተረተር የወረደ በግ ወረታ ገበያ ሲደርስ ገዢው የሚያደርገው የታወቀ ነው። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ወገቡን ጫን ጫን ያደርጋል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል። በጉ ቢስል ሻጩ "መንገድ መትቶት ነው" ይላል። የኋላ እግሮቹን አንስቶ አፍንጫውን ወደ መሬት የሚደፋ ግን የለም። የሚደፋ ቢኖርና በጉ የዚህ ታሪክ ባለቤት ቢሆን ኖሮ፣ ከአፍንጫው አረፋ ያዘለ ውሃ በተንዠቀዠቀ ነበር፤ አንዳንዴ ሲኒ የሚሞላ።

የርብና የጉማራ ወንዞች በሚተኙበት በፎገራ ሜዳ በግ ሲከሳ የጉበት ትል፣ ሲያስል የሳንባ ትል ወይም ፓስቸረሎሲስ የተባለው የሳንባ ምች ነው ይባላል። ብዙውን ጊዜም ልክ ነው። ይሄኛው ሳል ግን መርፌም ክኒንም አይመልሰውም፤ ካንሰር ነውና። ያውም ከበግ ወደ በግ በትንፋሽ የሚተላለፍ ካንሰር።

ስሙን ያወጡለት የደቡብ አፍሪካ በግ አርቢዎች ናቸው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን። በአፍሪካንስ "ያግሲክተ" አሉት፣ የመባረር በሽታ እንደማለት። የታመመው በግ ቆሞ ሳለ ሲያባርሩት የዋለ ይመስል ያለከልካል። ሐኪሞች በኋላ ከሰጡት ረጅም ስም ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1933 አይስላንድ ካራኩል የተባሉ 20 በጎችን ከጀርመን ስታስገባ በሽታው አብሮ ገባ፤ መንጋ በመንጋ እየታረደ እስኪጠፋ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ከአዋቂ በግ ሴል ተቀድታ የተወለደችው ዶሊም የካቲት 2003 (እ.ኤ.አ.) እንድትሞት የተወሰነባት በዚሁ የሳንባ እጢ ምክንያት ነው።

በእኛም አገር አለ። ሞገስ ወልደመስቀልና ማርቆስ ቲቦ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ደጋ በጎችን ሳንባ በማይክሮስኮፕ መርምረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል፤ ይኸው እጢ ማኤዲ ቪስና ከተባለው ሌላ የበግ የሳንባ በሽታ ጋር ተመዝግቧል። በጤነኛ ሳንባ የአየር ከረጢቱ ግድግዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው። በታመመው ግን ወፋፍራም ሴሎች ተደርድረው፣ እየታጠፉ ወደ ከረጢቱ ውስጥ ይገፋሉ። የአየሩን ቦታ ይወስዱና ፈሳሽ ያመነጫሉ። ያ ከአፍንጫ የሚፈሰው ውሃ የእነሱ ሥራ ነው።

አድራጊው ሪትሮቫይረስ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ እንቆቅልሹ በረታ። ኤችአይቪም ከዚሁ ወገን ነው። ፔይቶን ራውስ እ.ኤ.አ. በ1911 የዶሮ እጢ በቫይረስ እንደሚተላለፍ ካሳየ ወዲህ፣ በፍጥነት ካንሰር የሚያመጡ ሪትሮቫይረሶች አመል ተለይቷል፤ ከሴል የሰረቁትን የእድገት ዘረመል ይዘው ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የበጉ ቫይረስ ዘረመል ተነቦ ሲያልቅ ግን የተሰረቀ ነገር አልተገኘበትም። ያለው ማንኛውም ሪትሮቫይረስ የሚይዘው ተራ ጓዝ ብቻ ነው። ሌባው ተይዞ ኪሱ ባዶ ሆነ።

መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ከአይጥ ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች በሳህን ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ሲነካኩ መባዛት ያቆማሉ። ተመራማሪዎች የቫይረሱን የካባ ዘረመል ብቻ ነጥለው ሲያስገቡባቸው ሴሎቹ ሥርዓታቸውን ትተው እርስ በርስ ተደራረቡ፤ በሳህኑ ላይ ትንንሽ ክምር ታየ። ካባ የምለው ቫይረሱን ከላይ የሚያለብሰውን ፕሮቲን ነው። ሥራው የሴሉን ተቀባይ ጨብጦ ቫይረሱን ማስገባት ብቻ ይመስል ነበር።

በዚያው ዓመት ተቀባዩም ታወቀ፤ ሃያል2 ይባላል። የዚህ ፕሮቲን ዘረመል በሰው ሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ፣ በሳንባ ካንሰር ሕሙማን ብዙ ጊዜ ተቆርጦ በሚጠፋ ቦታ ላይ ነው። ፍንጩ ለሰው ካንሰርም የሚያገለግል መሰለ፤ ማን አይደሰትም! እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሃያል2 በሰው የሳንባ ሴል ላይ ሮን የተባለ የእድገት ተቀባይን አፍኖ እንደሚይዝ ታየ። ካባው ሃያል2ን ሲይዝበት ሮን ይፈታል፣ ሴሉም ተባዛ የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ለዚህ ቀዳሚ ምሳሌም ነበረ። ፍሬንድ የተባለ የሌላ ሪትሮቫይረስ የካባ ፕሮቲን የኤሪትሮፖይቲን ሆርሞንን ተቀባይ ራሱ ይዞ፣ ሆርሞኑ ሳይኖር ቀይ የደም ሴል እንዲራባ እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ1990 ታውቆ ነበር። ነገሩ ያለቀለት መሰለ።

ያላለቀው በአይጧ ምክንያት ነው። የአይጥ ሃያል2 ይህን ካባ አይዝም፤ የተደራረቡት ሴሎች ግን የአይጥ ነበሩ! እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የካባው ዘረመል በሌላ ጉዳት የለሽ ቫይረስ ተጭኖ ወደ አይጦች ሳንባ ሲገባ እጢ አበቀለ። ጭበጣው ሳይኖር ካንሰሩ መጣ ማለት ነው። ካባው ከሴሉ ውጭ የሚታይ ራስ፣ ሽፋኑን አልፎ ወደ ውስጥ የሚንጠለጠል አጭር ጭራም አለው። የሃያል2 ታሪክ የሚመለከተው ራሱን ብቻ ነበር። በጭራው ላይ፣ በ590ኛው ቦታ፣ ታይሮሲን የተባለ አሚኖ አሲድ አለ። እሱን በሌላ ሲለውጡት ሴሎቹን የማስከመር ጉልበቱ ጠፋ። ጭራው በሴሉ ውስጥ የእድገት መልእክት የሚያስተላልፉትን እነ ኤኬቲን ይቀሰቅሳል። የበግ ነጋዴ ላት ሳይዳብስ አይገዛም፤ እዚህም ዋናው ነገር ያለው ጭራው ላይ ነው።

የሮን ታሪክ ውሸት አልሆነም፤ አነሰ እንጂ። ሃያል2 ለቫይረሱ መግቢያ ነው፤ ዋናው ሥራ ያለው ውስጥ ነው። የሰውም ሃያል2 በቤተ ሙከራ ቫይረሱን ያስገባል፤ ሆኖም የበጉ በሽታ ሰው እንዳሳመመ የተረጋገጠ የለም።

የሚገርመው ሌላ ነው። በማንኛውም በግ ዘረመል ውስጥ የዚህ ቫይረስ ጥንታዊ ዘመዶች፣ ቢያንስ 27 ቅጂ፣ ከእናት ወደ ግልገል ሲወራረሱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የእነዚህን ካባ በእርጉዝ በጎች ማሕፀን ውስጥ ሥራ ሲያስፈቱት ጽንሱ አልጸናም። በጊቱ ለመውለድ የቫይረስ ካባ ያስፈልጋታል። ከጽንስ ጀምሮ የምታውቀው ስለሆነም ገዳዩ ሲመጣ ሰውነቷ እንደ ባዕድ አይቆጥረውም፤ ፀረ እንግዳ አካል አታመርትም። በዚህ የተነሳ በሽታውን በደሟ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ፈልጎ መለየት አይቻልም። ያለ መሣሪያ የሚቻለው እግር ማንሳት፣ አለዚያም ከእርድ በኋላ ሳንባውን ማየት ነው፤ የከበደ፣ ግራጫ፣ ሲቆርጡት አረፋ የሚወጣው። በደጃችን ግን ቆዳው ሳይገፈፍ ውሻው መጥቶ ይቀመጣል፤ ሳንባው የእሱ ድርሻ ነው።