የነቀርሳን ሕመም በብርሃን ስለ መለየት

አንዳንድ ነገሮች ሰማያዊ ወይም ለዓይን የማይታይ ብርሃን ሲያርፍባቸው ሌላ ቀለም ያለው ብርሃን መልሰው ይሰጣሉ። ይህን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1852 በእንግሊዝ አገር የነበረው ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ ፍሎረሰንስ ብሎ ሰየመው። ስፔክትሮስኮፒ የሚባለውም የሚመለሰውን ብርሃን በየቀለሙ ለይቶ መለካት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖሊካር በእጢ ላይ ቀይ ብርሃን መታየቱን ገለጠ። ይህም የሚሆነው ፖርፊሪን የተባለው ንጥረ ነገር በአንዳንድ የነቀርሳ ሕዋሳት ውስጥ ስለሚከማች ነው።

ዛሬ የአንጎል ነቀርሳ ያለበት በሽተኛ ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሰዓት አስቀድሞ አሚኖሌቭሊኒክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት ይጠጣል፤ ሐኪሙም በሰማያዊ መብራት ሲያይ እጢው ቀልቶ ከጤናማው አካል ይለይለታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የጀርመን አገር ጥናት፣ በምርመራ ፎቶግራፍ የታየው እጢ ፈጽሞ የወጣላቸው በዚህ ዘዴ ከታከሙት ከመቶ 65ቱ ሲሆኑ፣ በተራ መብራት ከታከሙት ግን ከመቶ 36ቱ ብቻ ናቸው። ነቀርሳን በደም ብርሃን የመለየቱ ሥራ ገና በምርምር ላይ ይገኛል።

ስለዚህ የሕክምና መሣሪያ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባቸዋል። አንደኛ፣ በነቀርሳ ያልተያዘ ነገር ግን የተቆጣ አካልም ሊቀላ ስለሚችል፣ የመጨረሻው ማረጋገጫ ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲመረመር የሚገኘው ውጤት ነው። ሁለተኛ፣ መብራቱ ያለ መድኃኒቱና ያለ ብርሃን ማጣሪያው ጥቅም የለውም፤ ሦስቱ ተሟልተው ካልታዘዙ የሆስፒታሉ ገንዘብ ይባክናል፤ በሽተኛውም ያለ ረዳት ይቀራል።