የአባት ስም ኤቨረት ሲገባ

ከሲያትል ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ የምትገኘው ኤቨረት በሰው ስም የተጠራች ከተማ ናት። ስሙን የሰጣት ሰው ግን ያኔ ገና ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 ስኖሆሚሽ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ የኢንዱስትሪ ከተማ ለመቆርቆር የተነሡት ባለሀብቶች ከመካከላቸው የአንዱን፣ የቻርልስ ኮልቢን ልጅ ስም መረጡላት። ልጁ ኤቨረት ኮልቢ ይባላል። የአባቱ የኮልቢ ስም ቀርቶ የልጁ የመጠሪያ ስም ከተማ ሆነ።

ይህ ስም ልጁ ጋ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዘመን ተጉዟል። መነሻው ኤበርሃርድ የሚባል ጥንታዊ የጀርመን የወንድ ስም ነው፤ የዱር አሳማንና ጥንካሬን አጣምሮ የያዘ፣ ለጦረኛ የሚወጣ ስም። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ ኤቬራርድ በሚል መልኩ ይዘውት ገቡ። በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት የአንድ ኤቬራርድ ልጆች በአባታቸው ስም ተጠሩ፤ የልጅ ልጆቹ ግን የራሳቸውን አባት ስም በመያዝ ፈንታ በዚያው በአያታቸው ስም ቀጠሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ የአንድ ሰው መጠሪያ የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። የስሙ ዋና መገኛዎች በምሥራቅ እንግሊዝ በሰፎክ፣ በኖርፎክና በኤሴክስ ነበሩ። አትላንቲክን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ የቤተሰብ ስም የነበረው ተመልሶ የሕፃን መጠሪያ ሆነ።

ይህን ያነሣሁት በኤቨረትና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የኤቬራርድ ልጆች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያለፉበትን በር ዛሬ እያለፉ ስለሆነ ነው። እንግሊዞቹ በሩን ያለፉት በጥቂት ትውልድ ውስጥ፣ ቀስ ብለው ነው። የእኛዎቹ የሚያልፉት በአንድ ትውልድ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቅጽ ላይ ነው።

ታደሰ ከበደ የሚባል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አለ እንበል። ሚስቱ አልማዝ ዓለሙ ናት። ልጃቸው ዮናስ ታደሰ ይባላል፤ ዮናስ አድጎ ሴት ልጅ ሲወልድ ማርታ ዮናስ ትሆናለች። የማርታን ሙሉ ስም ሲጽፉ ታደሰ ሦስተኛ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ከበደ ግን ከወረቀቱ ወርዷል። ስሙ በየትውልዱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከኋላ ያለውንም ይለቃል። የተለቀቀውን ስም የሚይዘው የሰው አእምሮ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የሚችል ሰው ከወረቀቱ የሚጠብቀው ብዙ አልነበረም። ለጋብቻ ዝምድና ሲጣራም ያው ቆጠራ ነው የሚሠራው።

አሁን ታደሰና አልማዝ ዲቪ ደርሷቸው ኤቨረት ገቡ እንበል። ታደሰ ፓስፖርቱን ሲያሳይ ላስት ኔም በሚለው ሣጥን ውስጥ ከበደ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዱም፣ መንጃ ፈቃዱም፣ የደመወዝ ቼኩም በከበደ ይወጣል። ክሊኒክ ውስጥ «ሚስተር ከበደ» ተብሎ ሲጠራ አባቱ የተጠሩ መስሎት ዘወር የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ይህንን የሩጫ ወዳጆች ከቴሌቪዥን ያውቁታል፦ ኃይሌን «ገብረ ሥላሴ»፣ ቀነኒሳን «በቀለ» እያሉ የሚያወሩ የውጭ ተንታኞች የሚጠሩት አባቶቻቸውን ነው። ጥሩነሽና ገንዘቤን «የዲባባ ቤተሰብ» ብለው ሲያስተዋውቁ እህትማማችነታቸው ልክ ነው፤ ዲባባ ግን የሚያገለግለው ለአንድ ትውልድ ብቻ መሆኑን አይነግሩም።

ልጅ ሲወለድ ጉዳዩ ይጠነክራል። ሆስፒታል ውስጥ የልደት ቅጽ ይመጣል። ወላጆቹ የሀገራቸውን ሥርዓት ከያዙ ልጁ ዮናስ ታደሰ ይሆናል። በዚያ ቤት ውስጥ ታዲያ ሦስት ላስት ኔም አለ ማለት ነው፦ አባት ከበደ፣ እናት ዓለሙ፣ ልጅ ታደሰ። ለእኛ ይህ የጤናማ ቤተሰብ መልክ ነው። ለትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ ለኢንሹራንስ ሠራተኛና ለአውሮፕላን ማረፊያ ተቆጣጣሪ ግን ጥያቄ ያስነሣል። እናት ብቻዋን ልጇን ይዛ ድንበር ስትሻገር ተጨማሪ ወረቀት የምትጠየቀው ለዚህ ነው። ወላጆቹ የአሜሪካንን ሥርዓት ከመረጡ ደግሞ ልጁ ዮናስ ከበደ ይባላል። ወረቀቱ ይቃናል፤ ታደሰ የሚለው ስም ግን ወደ ሚድል ኔም ይገፋል፣ በሚቀጥለው ትውልድም ይጠፋል። ማርታ ከበደ፣ የማርታ ወንድም ከበደ፣ የወንድምየው ልጆች ከበደ። አሜሪካ የገባው፣ ሌሊት የሠራው፣ ቤት የገዛው የታደሰ ስም ጠፍቶ፣ ምናልባት ጎጃም ውስጥ ሲያርስ ኖሮ ውቅያኖስ ሳያይ ያለፈው ከበደ የአንድ የዋሽንግተን ስቴት ቤተሰብ ስም ይሆናል።

ይህ በእኛ የተጀመረ አይደለም። በብሪታንያ ውስጥ ዌልሶች ለብዙ ዘመን የኖሩበት ሥርዓት ከእኛው ጋር አንድ ነበር፦ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት፣ በመካከሉ «የእገሌ ልጅ» የምትለዋ «አፕ»። እ.ኤ.አ. በ1400 አካባቢ የተወለደ ኦዋይን አፕ ማሬዲዝ አፕ ቲዩዱር የሚባል ዌልሳዊ ነበር። ኦዋይን የራሱ፣ ማሬዲዝ የአባቱ፣ ቲዩዱር የአያቱ ስም መሆኑ ነው። እንግሊዝ ቤተ መንግሥት ገብቶ የንጉሥ ሄንሪ አምስተኛን ባለቤት የነበረችውን ካትሪንን አገባ። እንግሊዞች ቋሚ የቤተሰብ ስም ሲፈልጉለት የተያዘው የአባቱ ስም አልነበረም፤ የአያቱን ይዘው ኦወን ቱዶር አሉት። የልጅ ልጁ እ.ኤ.አ. በ1485 ሄንሪ ሰባተኛ ተብሎ ነገሠ፤ ሄንሪ ስምንተኛና ቀዳማዊት ኤልሳቤጥም ከዚሁ ቤት ወጡ። አባትየው ተይዞ ቢሆን ኖሮ ዓለም ዛሬ የቱዶር ዘመን የሚለውን የሜሬዲት ዘመን ይለው ነበር። በዓለም ታሪክ ከታወቁት ሥርወ መንግሥቶች የአንዱ ስም የተወሰነው ታደሰ ኤቨረት ላይ በገጠመው ዓይነት ምርጫ ነው።

ሄንሪ ስምንተኛ እ.ኤ.አ. በ1536 እና በ1543 ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር በሕግ ሲያዋህድ የፍርድ ቤትና የግብር መዝገብ በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ተራው ሕዝብም ስሙን ቋሚ ማድረግ ጀመረ። አፕ ሪስ ፕራይስ ሆነ፣ አፕ ሃዌል ፓወል ሆነ፣ አብ ኦወን ቦወን ሆነ። ስሙ በየቤቱ በተለያየ ጊዜ ስለቆመ የአንድ አባት ልጆች ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው የቀሩበት ጊዜም ነበር። ስሙ በቆመበት ሰዓት የአባቶች መጠሪያ ጥቂት ስለነበር ዛሬ ዌልስ በጆንስ፣ በዴቪስ፣ በዊሊያምስና በኢቫንስ የተሞላች ናት። ሁለት ጆንሶች ሲገናኙ ዘመድ መሆናቸውን ማንም አይጠብቅም።

በሌላው ጫፍ ያሉት ብርቅ የሆኑት የእንግሊዝ ስሞች ናቸው። አንድ ስም ከአንድ መንደር፣ ከአንድ ሰው ከተነሣ፣ የያዙት ሁሉ የዚያ ሰው ዘር ሊሆኑ ይችላሉ። የኦክስፎርዱ የዘር ሳይንስ ሊቅ ብራያን ሳይክስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጥናት የራሱን የቤተሰብ ስም ከያዙ 48 ወንዶች ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን የዋይ ክሮሞሶም መርምሮ 21ዱ አንድ ዓይነት ሆነው አግኝቷቸዋል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኋላ ብዙ ስሞችን ሲያወዳድሩ አተንቦሮን በመሳሰሉ ብርቅ ስሞች አብዛኞቹ ወንዶች ከአንድ አባት የወረዱ ሆነው ተገኙ፤ ስሚዝ የሚባሉት ግን እርስ በርስ አይገናኙም። አተንቦሮ በኖቲንግሃም አጠገብ ያለች መንደር ናት። የዱር እንስሳት ፊልሞቹን የምናውቀው ዴቪድ አተንቦሮ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ሊቃውንቱ እ.ኤ.አ. የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ በካርታ ሲያሰፍሩም ብዙ ስሞች ከመቶ ዓመታት በኋላ ሳይቀር ከተነሡበት አውራጃ ብዙም ሳይርቁ ተገኝተዋል።

ይህንን ወደ እኛ ስናመጣው ከበደ፣ ተስፋዬ፣ በቀለ፣ ታደሰ፣ ዓለሙ የአሜሪካ ጆንሶች እየሆኑ ነው። በአንድ መጋዘን የሚሠሩ ሁለት ተስፋዬዎችን አለቃቸው «ወንድማማች ናችሁ?» ቢላቸው ሊደንቀን አይገባም። ከመቶ ዓመት በኋላ የዘር ሐረጉን የሚፈልግ የስኖሆሚሽ ካውንቲ ልጅ ግን በዚህ በጣም ይቸገራል። ብርቅ የሆነ የአያት ስም የያዘ ቤተሰብ ሳያውቀው ለልጆቹ የተሻለ ዱካ ትቷል።

በሀገር ቤትም ቢሆን ቋሚ የቤተሰብ ስም ተሞክሯል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጓል። ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ይህንን የሕዝቡ እልኸኝነት ብቻ አድርጌ አላየውም። አማራው ዘንድ ቋሚ የቤተሰብ ስም የሚሠራውን ሥራ ሌላ ነገር ይሠራው ነበር፤ እሱም ርስት ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ምሁር ደጋ ዳሞት ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ርስት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ መሬቱን የያዘውን አቅኚ አባት ስም ጠርቶ እስከ ራሱ ድረስ መቁጠር ነበረበት። ቆጠራው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው የብዙ አቅኚ አባቶች ልጅ ነው፤ አንዱን ብቻ ስሙ ላይ ለጥፎ ቢዞር ሌሎቹን ይከስራል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ለቆጠራው የነበረው ትልቁ ምክንያት አብሮ ሄደ።

የኤቨረቱ ከበደ እንግዲህ ሳይሾሙት አቅኚ አባት ሆኗል። ልዩነቱ በእናት በኩል የሚቆጠር አለመኖሩ ነው። የአልማዝ አባት ዓለሙ በዚያ ቤት ውስጥ ከአንድ ትውልድ አያልፍም። በሀገር ቤቱ ስም አጠራርም የእናት ወገን አይጻፍም ነበር፤ ነገር ግን በቃል ቆጠራው ውስጥ ቦታ ነበረው፣ መሬትም ያስገኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ላይ የፊደል ጣጣ ይታከላል። የላቲን ፊደል ጸን፣ ጠን፣ ጨን፣ ቀን ለይቶ አይጽፍም። የአንድ አባት ልጆች የሆኑ ወንድምና እህት በተለያየ ዓመት ፓስፖርት ሲያወጡ የአባታቸው ስም አንዱ ጋ አንድ ፊደል ተርፎ፣ ሌላው ጋ ጎድሎ ይመጣል፤ ለአሜሪካ ኮምፒዩተር ሁለቱ ባዕድ ናቸው። ገብረ መድኅን፣ ወልደ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞች ለሁለት ተቆርጠው መድኅን ወይም ጊዮርጊስ ብቻውን ላስት ኔም ይሆናል። እንግሊዝም ይህንን አይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ በየአጥቢያው ክርስትናና ቀብር እንዲመዘገብ ሲታዘዝ ካህኑ እንደ ሰማው ጻፈ፤ ኤቬራርድ አንዱ ጋ ኤቨረት፣ አንዱ ጋ ኤቨሪት፣ ሌላው ጋ ኤቨርድ ሆኖ ቀረ። ኤቨረት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ አውሮፕላን የሚገጥመው ቦይንግም ከዚህ አላመለጠም። የመሥራቹ የዊሊያም ቦይንግ አባት ከጀርመን ሲመጡ ስማቸው ላይ ነጥብ ያለው ፊደል ነበር፤ ነጥቡ ወድቆ በሌላ ፊደል ተተካ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ በተረከበው 787 ድሪምላይነር ላይ የተጻፈው ይኸው የተለወጠ የስደተኛ ስም ነው።

የተበላሸውን ማቃናት ይቻላል። ዜግነት የሚያመለክት ሰው በማመልከቻው ቅጽ ላይ የስም ለውጥ መጠየቅ ይችላል፤ ለውጡም በፍርድ ቤት በሚፈጸም ቃለ መሐላ ይጸድቃል። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከዚያ ውጪም ለወረዳ ፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። በአንዳንዱ ቤተሰብ ይህንን ተጠቅመው ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ጨምረው አንድ ስም ላይ ይገናኛሉ። አንዳንዱ የልጁን ላስት ኔም የአያት አድርጎ የአባቱን በሚድል ኔም ያኖራል። አንዳንዱ እንደ ሀገር ቤት ይቀጥላል፣ ማብራራቱንም ይችለዋል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ አንድ ትውልድ ሦስቱንም ስም በመታወቂያው ላይ ይዞ ይኖራልና። የእናትን አባት ጨምሮ እስከ ሰባት ቤት ያለውን ግን ቅጽ አይቀበለውም፤ እሱን በአማርኛ ፊደል ጽፎ ለልጅ ማስረከብ የወላጅ ፋንታ ነው።

አብዛኛው ውሳኔ የሚወሰደው ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ነው፤ እናት ደክማ፣ አያት ከአዲስ አበባ በስልክ እየመረቁ፣ ነርሷ ቅጹን ይዛ ቆማ። ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ምርጫው ከሞላ ጎደል አብቅቷል። ታላቁ ዮናስ ከበደ ከተባለ ታናሿም ከበደ ትባላለች።