የኮምፒዩተር ወንፈል

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ እስከሚባለው ስፍራ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መሥመር ርዝመቱ 1045 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮአል። በዚያ ማዶ መብራቱን የሚያበራ ሰው ኃይሉ ከግልገል ግቤ ይምጣ ወይም ከሌላ ወንዝ አይጠይቅም። በየአገሩ ተበታትነው የሚገኙትን ኮምፒዩተሮች አስተሳስሮ እንደ አንድ ማሠራት «ግሪድ» የተባለው ይህን የመሰለው የኤሌክትሪክ መረብ ታስቦ ነው፤ ስሙንም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በተለይ ያስፋፉት ኢያን ፎስተርና ካርል ኬሰልማን የተባሉ ሊቃውንት ናቸው።

ስሙ ከኤሌክትሪክ ይወሰድ እንጂ ጠባዩ ወደ ወንፈል ያደላል። ኤሌክትሪክ በዋጋ ይሸጣል፤ በሳይንስ ግሪድ ግን እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ኮምፒዩተሮች ያዋጣል፣ በተራውም የሌሎቹን ይጠቀማል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ እንደሚያርስ ማለት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ትልቁ ስሌት በብዙ ሺሕ ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል። ሥራ አከፋፋዩ ፕሮግራም ሥራ የፈታው ኮምፒዩተር የት እንዳለ አይቶ ድርሻውን ይልክለታል፤ አንዱ ቢበላሽ ያው ድርሻ ለሌላው ይሰጣል። ይሁን እንጂ ሥራ ሁሉ ለዚህ አይመችም። እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ውጤት የሚጠብቅ ከሆነ ብዙ ኮምፒዩተር መሰብሰቡ እምብዛም አይጠቅምም።

ለሁምቦ ቆላና ለአባያ ሐይቅ ዳር ነዋሪ የሚቀርበው ምሳሌ የወባ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፓ ሊቃውንት «ዊዝደም» በተባለው ሥራቸው ከወባ ተሕዋስ ፕሮቲን ጋር ሊጣበቁ የሚችሉ ውሑዶችን በግሪድ መረመሩ። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሙከራዎች በስሌት የተፈጸሙት በ6 ሳምንት ያህል ጊዜ ሲሆን፣ ለአንድ ኮምፒዩተር ብቻ ቢተው ኖሮ 80 ዓመት ያህል በፈጀ ነበር። እያንዳንዱ ውሑድ ለብቻው ስለሚመረመር ሥራው ለመከፋፈል እጅግ ተስማሚ ነው። ስሌቱ መድኃኒት አይሆንም፤ በላቦራቶሪ ሊፈተኑ የሚገባቸውን ጥቂቶቹን ግን ይለያል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2012 ሂግስ የተባለው ቅንጣት ሲገኝ፣ የጄኔቫውን ሰርን መረጃ የተነተኑት ዛሬ ከ40 በሚበልጡ አገሮች 170 ያህል ማዕከሎች ያሉት ግሪድ ኮምፒዩተሮች ናቸው።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችን ለማገናኘት «ኤተርኔት» የተባለ የትምህርትና የምርምር መረብ ተቋቁሞአል፤ እርሱም በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ያሉትን መረቦች የሚያስተባብረው የኡቡንቱኔት ማኅበር አባል ነው። መንገዱ ተጀምሮአል ማለት ነው። መንገድ ብቻውን ግን እርሻ አያርስም። በወንፈል በሬውን ያላመጣ ሰው ማሳው እንዲታረስለት ተራ አይዝም፤ በምርምርም ኮምፒዩተሩንና ባለሙያውን ያላዋጣ አገር የሚጠናው ጥያቄ የትኛው እንደሚሆን ለመምረጥ ሥልጣኑ አነስተኛ ነው።

ስለዚህ ጅምሩ ከቅርብ መሆን አለበት እንላለን። የአሜሪካው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ያዳበረው፣ ዛሬ «ኤችቲኮንዶር» የሚባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። ተማሪ ከተለማመደበት በኋላ ሌሊት ሥራ ፈተው የሚያድሩትን ኮምፒዩተሮች አስተሳስሮ ለምርምር ያሠራል። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና እኅት ዩኒቨርሲቲዎቹ በአንድ ክፍል ኮምፒዩተሮች ቢጀምሩ፣ ተማሪው ሥራ መከፋፈልንና ውጤት ማጠራቀምን በእጁ ይማራል። የሁምቦን ወባና የወላይታን የእንሰት በሽታ ራሱ ጠያቂ ሆኖ ወደ ሰፊው ወንፈል የሚገባው ያን ጊዜ ነው።