አንድ ፔኒና አንድ ማንኪያ ሩዝ



በነገረ መለኮት ተማሪነታችን ጊዜ በእንግሊዝና በደቡብ ኮሪያ ከሜቶዲስት ምዕመናን ጋር አብረን የማምለክ ዕድል አግኝተን ነበር። ሁለቱም ራሳቸውን የጆን ዌስሊ ልጆች አድርገው ይቈጥራሉ፤ ልማዳቸው ግን በብዙ ነገር ይለያያል። በእንግሊዝ ጳጳስ የለም፤ ጉባኤው በየዓመቱ አንድ ፕሬዚዳንት ይመርጣል። በኮሪያ ለተወሰነ ዘመን የሚመረጡ ጳጳሳት አሉ። በእንግሊዝ አንድ መጋቢ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ አብያተ ክርስቲያናትን ስለሚጠብቅ በብዙ እሑዶች የሚሰብኩት ደመወዝ የማይቀበሉ ምዕመናን ናቸው። በኮሪያ ደግሞ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሕዝቡ ለጸሎት ይሰበሰባል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረን ግን ድኻው እንዴት እንደሚታሰብ ማየታችን ነው።

በ1742 እ.ኤ.አ. በብሪስቶል ከተማ ምዕመናኑ ስለ ጸሎት ቤታቸው ዕዳ ሲመክሩ፣ ካፒቴን ፎይ የተባለ ሰው እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲሰጥ አሳሰበ። ድኾቹ ይህንም አይችሉም የሚል ተቃውሞ ተነሣ። እርሱም ከሁሉ የደኸዩት 11 ሰዎች ወደ እርሱ እንዲመደቡና የጐደለውን ራሱ እንደሚሞላ ተናገረ። መሪዎቹ ፔኒውን ለመቀበል በየሳምንቱ ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። በሩን ሲያንኳኩም የሰውን ኑሮ አዩ። ዌስሊም ሲፈልገው የነበረው የእረኝነት ሥራ ይህ መሆኑን ተረዳ። 12 ያህል ሰዎችን የሚይዘው «ክፍል» የተባለው ኅብረት የተወለደው እንዲህ ነው።

ዛሬ በእንግሊዝ ክፍሉ በአብዛኛው ቀርቷል፤ የአባልነት ቲኬቱ ግን አሁንም በየዓመቱ ይታደላል። ርኅራኄው አልጠፋም፤ ሜቶዲስቱ አገልጋይ ቶማስ ቦውማን ስቲቨንሰን በ1869 የመሠረተው የሕፃናት መርጃ ድርጅት እስከ ዛሬ ይሠራል። ሆኖም ስጦታ በድርጅት እጅ ሲያልፍ፣ ሰጪው የተቀባዩን በር ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

አሜሪካዊው ሚስዮናዊ ሄንሪ አፔንዘለር በ1885 በገባባት በኮሪያ ግን፣ ክፍሉ «ሶክሆ» ተብሎ ዛሬም በየቤቱ ይሰበሰባል። በቀድሞው የድኽነት ዘመን እናቶች ሩዝ ከመቀቀላቸው በፊት አንድ ማንኪያ ለይተው በከረጢት ያኖሩ፣ እሑድም ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጡት ነበር። ከዚያም አገልጋዩና ችግረኛው ይመገቡ ነበር። አገሪቱ ስትበለጽግ ግን ይህ መልካም ልማድ እየሳሳ ሄደ።

እንግዲህ አንዱን አመስግነን ሌላውን ልንነቅፍ አይገባንም። ትምህርቱ ለእኛ ለዕርዳታ ሠራተኞች ነው። እህል ስናከፋፍል በእጃችን የስም ዝርዝር አለ፤ ነገር ግን ስም ብቻውን ማን እንደታመመ፣ ማን አፍሮ ከሰልፉ እንደቀረ አይነግረንም። ይህን የሚያውቀው በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ወዳጆቻችን ሆይ፤ ስጦታችሁ ትንሽ ናት ብላችሁ አትፈሩ፤ ብሪስቶልም በፔኒ ነው የጀመረችው። ከስጦታችሁ ጋር ግን በዚህ ሳምንት በአካባቢያችሁ ያለውን የአንድ ችግረኛ በር አንኳኩ። እኛም በምንሠራበት ስፍራ ይህንኑ እንድናደርግ ጸልዩልን።

ጸጋው ይብዛላችሁ።