ፎረፈ

ስም ጥሪው መሃል ሲደርስ ከጥግ አንዱ ለቀረ ጓደኛው ድምፁን አጎርንኖ «አቤት» ይላል። መምህሩ ቀና ሲል ክፍሉ ያውካካል። «የት ሄደ?» «ፎርፏል!»

አቃቂ ቃሊቲ የተማረ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል፤ ሌላውም የአዲስ አበባ ልጅ እንደዚሁ። መፎረፍ ትምህርት እያለ ከግቢ ወጥቶ መጥፋት ነው። የራሱ ዘዴ አለው። ቦርሳ ያንጠለጠለ በር ላይ ይያዛልና ሊፎርፍ ያሰበ ልጅ አንዲት ደብተር በቀበቶው ሥር ሸጉጦ ይመጣል፤ የዩኒፎርሙን ሹራብ አውልቆ ወገቡ ላይ ያስራል፤ ዘበኛው ፊቱን ሲያዞር አጥሩን ይዘላል። ከዚያ ወደ ኳስ ሜዳ፣ ወይም የድሮውን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ መንጎድ ነው። የተያዘ እንደሆነ ግን ዩኒት ሊደሩ ፊት ቀርቦ «ወላጅ አምጣ» ይባላል።

አማርኛ ለመሸሽ ቃል አጥቶ አያውቅም። ሾልኮ የወጣ «ላጥ አለ» ይባላል፤ ድንገት የተሰወረ «እብስ አለ»፤ ደንግጦ የሮጠ «ፈረጠጠ»፤ ቤቱን ወይም አገሩን ጥሎ የጠፋ «ኮበለለ»። «ፎረፈ» ከነዚህ የሚለየው መገኘት የነበረበት ቦታ ስላለ ነው። ስሙ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው መሸሽ ይችላል፣ መፎረፍ ግን አይችልም።

ይህን ትርጉም ያወረሰው እግር ኳስ ነው። በሰፈር ውድድር አንዱ ቡድን ማልያውን ለብሶ ሜዳ ይገባል፤ ዳኛው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ተጋጣሚው ከቀረ ለመጣው ቡድን ፎርፌ ይሰጠዋል። የ«ፎርፌ» አጠራር ራሱ ቃሉ ከፈረንሳይኛ መምጣቱን ይመሰክራል፤ በእንግሊዝኛ በኩል ቢገባ ኖሮ «ፎርፊት» ባልን ነበር። «ኮሚቴ»ም «ኮሚቲ» ያልሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የጥንቱ የፈረንሳይኛ ሥር «ውጭ» እና «ማድረግ» ከሚሉ ቃላት የተጋጠመ ሲሆን፣ ትርጉሙም ደንብ መተላለፍ ነበር። አቃቂ ለፈረንሳይኛ እንግዳ አይደለችም፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በእሷ በኩል ያልፍ ነበር፤ የመጨረሻው ጣቢያ «ለገሃር» የተባለውም በዚያው ቋንቋ ነው።

የፎርፌን ምሬት አገር በሙሉ የቀመሰው በ2005 ዓ.ም. ነው። ዋልያዎቹ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈው ነበር። በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ የነበረበት ተጫዋች ስለተሰለፈ ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ቦትስዋናን 3 ለ 0 አሸናፊ አደረጋት። እዚያ የቀረ አልነበረም፤ እንዲያውም መቅረት የነበረበት ነው የተገኘው። ቡድኑ ግን ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ።

እኔ በጣም የምወደው ቃሉ በተማሪ አፍ ያገኘውን ሕይወት ነው። ሜዳ ላይ «ፎርፌ» ስም ብቻ ነበር። ተማሪው ግን እንደ «ሞከረ» አረባው፤ ሞከረ፣ ይሞክራል፣ ሞክሮ፣ ሞካሪ እንደሚባለው ሁሉ ፎረፈ፣ ይፎርፋል፣ ፎርፎ፣ ፎራፊ አለ። ጓደኛውን ጎትቶ ያስወጣው ደግሞ «አስፎረፈው»። የሰዋስው መምህር አላዘዘውም፤ ልጆቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ሥርዓት አሳምረው ስለሚያውቁ ባዕዱን ቃል በራሳቸው ወግ አለበሱት። ዛሬ አዋቂውም ከስብሰባ፣ ከሥራ፣ ከልምምድ ይፎርፋል።

እንዲህ ያለውን ቃል የዱርዬ አነጋገር ብሎ ማጣጣል ቋንቋውን አለማወቅ ነው። እናንተ በተማራችሁበት ትምህርት ቤት ለዚሁ ነገር ሌላ ቃል ከነበራችሁ ከነሰፈሩና ከነዘመኑ ጻፉት፤ ለልጆቻችሁም ንገሯቸው።