«ቮይ» ሳይሉ መጠጋት ያስቀጣል

መስከረም 2024 እ.ኤ.አ፣ ፓሪስ። ከኤፍል ማማ ግርጌ በተሰራው ስታዲየም ፈረንሳይና አርጀንቲና ለፓራሊምፒክ ወርቅ ተፋጠዋል። ደጋፊው ግን ኳሷ በእንቅስቃሴ ላይ ስትሆን ፀጥ ረጭ ይላል። ጩኸቱ የሚፈነዳው ጎል ሲቆጠር ነው። 1ለ1 ከተለያዩ በኋላ ፈረንሳይ በመለያ ምት አሸነፈች። ከአቴንስ 2004 ጀምሮ አምስት ተከታታይ ወርቆችን ጠራርጋ የወሰደችው ብራዚል በግማሽ ፍፃሜው በአርጀንቲና ተሰናብታለች።

ዝምታው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይነ ስውራን ኳስን የሚከተሉት በጆሮ ነው፤ ኳሷ ስትንከባለል ድምፅ ታሰማለች። የየቡድኑ አራት የሜዳ ተጫዋቾች ዓይናቸው ይሸፈናል፤ የሚያየው በረኛው ብቻ ነው። ከተጋጣሚ ጎል ጀርባ የሚቆመው መሪ ለአጥቂው አቅጣጫና ርቀት ይነግረዋል። ኳስ ሊነጥቅ የሚጠጋ ተከላካይ ደግሞ «ቮይ» የማለት ግዴታ አለበት፤ በስፓኒሽ «መጣሁ» እንደማለት ነው። ድምፁን ሳያሰማ ከገባ ፋውል ነው።

ይህች ህግ ከሜዳ ውጪም ትሰራለች። አዲስ አበባ ውስጥ አስፋልት ዳር ዓይነ ስውር ሲያይ ለመርዳት የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው። ችግሩ አገባቡ ላይ ነው። አንዳንዱ ቃል ሳይተነፍስ ክንዱን ለቀም አድርጎ ያሻግረዋል፤ ሰውየው ግን እዚያው ታክሲ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ነጭ በትሩን ይዞ መጎተትማ ከሾፌር እጅ መሪ እንደመቀማት ነው።

መጀመሪያ ድምፅ ይቅደም። «ጤና ይስጥልኝ፣ ላግዝዎት?» በቂ ነው፤ መጮህ አያስፈልግም። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ከተባለ ማኩረፍ የለም። «እሺ» ካለ ክንድን መስጠትና ግማሽ እርምጃ ቀድሞ መራመድ ነው፤ የሚይዘው እሱ ነው። «እዚያ ጋ» ለሚያይ ሰው ነው። ከጎሉ ጀርባ እንዳለው መሪ «በስተቀኝ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ደረጃ አለ» ማለት ይሻላል።

ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥም ነገሩ ያው ነው። አስተናጋጁ ጓደኛውን «እሱ ምን ይጠጣል?» ብሎ ከሚጠይቅ ራሱን ቢጠይቀው ምን አለበት? «የትናንቱን ጨዋታ አየኸው?» ማለትም ነውር አይደለም፤ እሱም «አየሁት» ነው የሚለው። ከአጠገቡ ሲነሱ ደግሞ «ልሄድ ነው» ማለት አይረሳ። አለበለዚያ ሰውየው ስለ ኦፍሳይዱ ለባዶ ወንበር ሲያስረዳ ያመሻል።