የእሬት ተክል አለያየትና አስተዳደግ

በአገራችን መራራ ነገር ሁሉ በእሬት ይመሰላል፤ እናቶችም ሕፃን ጡት ለማስጣል ሲቀቡት ኖረዋል። በዓለም ገበያ ግን እሬት የንግድ ዕቃ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። ከሶቆጥራ ደሴትና ከደቡብ አፍሪካ የሚወጣው የደረቀ እሬት ለመድኃኒት ቀማሚዎች ሲሸጥ ኖሯል፤ ዛሬም የቅጠሉ ዝልግልግ ለሳሙናና ለቅባት መሥሪያ ይፈለጋል። ስለዚህ ተክሉን ለይቶ ማወቅ ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለ ሱቁም ስለሚጠቅም ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እናብራራለን።

፩ኛ፤ አለያየቱ። ብዙ ሰው እሬትንና ቃጫን ያደባልቃል። ሁለቱም ወፍራምና እሾኻም ቅጠል ቢኖራቸውም ዘራቸው የተለያየ ነው፤ ቃጫ ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም የመጣ ነው። ለመለየት ቅጠሉን ቈርጦ ማየት ይበቃል። የእሬት ቅጠል ከልጣጩ ሥር ቢጫ መራራ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ ውስጡም ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። የቃጫ ቅጠል ግን በጠንካራ ክር የተሞላ ስለሆነ በቀላሉ አይበጠስም። ፈሳሹም ቈዳን ስለሚያሳክክ፣ ቃጫን በእሬት ስም የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ይጎዳል፤ ስሙንም ያጠፋል።

ከእሬቶችም መካከል በገበያ ይበልጥ የሚፈለገው «አሎ ቬራ» የሚባለው ነው። ቅጠሉ ወደ ግራጫ ያደላ አረንጓዴ፣ አበባው ቢጫ ሲሆን በለጋነቱ ነጭ ነጠብጣብ ይታይበታል። በአገራችን በዱር የሚበቅሉት ዓይነቶች አያሌ ናቸው፤ ስሙን ከደብረ ብርሃን ያገኘው «አሎ ደብራና» ከእነዚሁ አንዱ ነው።

፪ኛ፤ በቤት ውስጥ። ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ተመርጦ አፈርና ሻካራ አሸዋ በእኩል ተቀላቅሎ ይሞላል። ከእናቲቱ ግንድ ሥር የሚወጣው ቡቃያ ተነጥሎ፣ ቍስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ከቈየ በኋላ ይተከላል። ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ውሃም አፈሩ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ብቻ ይጠጣ። እሬትን ከጥማት ይልቅ የሚገድለው የውሃ ብዛት ነው።

፫ኛ፤ በደጅ። ውሃ የማይተኛበት ተዳፋት መሬት ይስማማዋል። «አሎ ቬራ» ውርጭን ስለማይችል ደጋ ላይ የሚያለማ ሰው በብርዱ ወራት ሊከልለው ይገባል። ከቤት የወጣ ችግኝም ቅጠሉ እንዳይቃጠል ፀሐዩን ቀስ በቀስ ይለማመድ። በእያንዳንዱ ተክል መካከል ግማሽ ሜትር ያህል መተው መልካም ነው። መከሩ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል ይጠብቃል፤ በዚያን ጊዜ የታችኞቹ ቅጠሎች ብቻ ይቈረጣሉ፤ መካከሉ ግን አይነካም።

፬ኛ፤ ለነጋዴው ማሳሰቢያ። ቢጫው ፈሳሽና ዝልግልጉ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ፈሳሹ ሆድን በብርቱ ያስቀምጣል፤ የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤትም በ2002 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡ የሆድ ማስቀመጫ መድኃኒቶች ውስጥ እንዲወጣ አድርጓል። ስለዚህ ዝልግልግ የሚገዛ አስመጪ ቢጫው ፈሳሽ ተጣርቶ መውጣቱን የሚገልጽ የምርመራ ወረቀት ይጠይቅ።

ላኪውም ቢሆን ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የገባችበት፣ ሊጠፉ የሚችሉ አራዊትና አትክልት የሚነገዱበትን ሥርዓት የሚወስነው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ከ«አሎ ቬራ» በቀር የእሬት ዘሮችን ሁሉ ይጠብቃል። ከዱር የተነቀለ እሬት ያለ ፈቃድ ቢላክ በወደብ ይያዛል፤ ገንዘቡም ከዕቃው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ከመጫን በፊት የተክሉን ዘር በባለሙያ ማስመርመር፣ ፈቃዱንም አስቀድሞ መያዝ ይገባል።